ኮምፒውተር «ፎርማት» ከመደረጉ በፊት፦ ሰነድና ፕሮግራም ሳይጠፋ የሲስተም ብልሽትን ማስተካከያ ቅደም ተከተል

ከደጀን ተነሥቶ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ የሚገኙት ብቸናና ሞጣ፣ እንደ ሌሎች የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ የነዋሪው ብዙ ጉዳይ በኮምፒውተር የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸው። ብቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ በመሆናቸው ከየቀበሌው የሚመጣ ተገልጋይ አቤቱታውን፣ የኪራይ ውሉን ወይም የሥራ ማመልከቻውን በጽሕፈት ቤት ያስጽፋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ውጤቱን በድረ ገጽ ይመለከታል፤ ፓስፖርት ፈላጊም ማመልከቻውን በኢንተርኔት ይሞላል። ስለዚህ በአንድ ጽሕፈት ቤት ያለ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ሰነዱ በውስጡ የቀረበት ተገልጋይ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለ ብልሽት ሲያጋጥም በብዙ ቦታ የሚሰጠው ፈጣን መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛዎቹ የሲስተም ብልሽቶች በኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ብቻ የተፈጠሩ በመሆናቸው ሁሉን ነገር ሳያጠፉ በዚያው ክፍል ሊስተካከሉ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ዊንዶውስ 10ን ወይም ዊንዶውስ 11ን የሚጠቀሙ ግለሰቦች፣ ጽሕፈት ቤቶችና ተቋማት ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት በቅደም ተከተል ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ያብራራል።

ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ፎርማት ማድረግ ሲባል ዊንዶውስ የተጫነበትን የዲስክ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ «ሲ» ተብሎ የሚታወቀውን፣ ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች «ሰነዶቼ በ‹ዲ› ላይ ስላሉ አይነኩም» ብለው ያምናሉ። «ዲ» በእርግጥም ላይነካ ይችላል፤ ነገር ግን ቦታቸው በተለይ ካልተቀየረ በስተቀር የሚከተሉት ሁሉ የሚቀመጡት በ«ሲ» ላይ ነው፦

• በዴስክቶፕ ላይ የሚታዩ ሰነዶችና ፎልደሮች፤
• «ዶክመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዳውንሎድስ» በተባሉት ፎልደሮች የተቀመጡ ፋይሎች፣ በቴሌግራም የወረዱትም ጭምር፤
• በኢንተርኔት መክፈቻው ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃላት፤
• እንደ ፒችትሪ ባሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች የተመዘገበ የድርጅት ሒሳብ፤
• ለአማርኛ ጽሕፈት የተጫኑ ፕሮግራሞችና የፊደል ቅርጾች።

የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን የተለየ ክብደት አለው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ፣ የአማርኛ ሰነዶች የሚጻፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። ከዩኒኮድ ውጭ በሆነው የቀድሞ አሠራር የተጻፈ ሰነድ የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ከፎርማት ቢተርፍም የፊደል ቅርጹ ካልተረፈ ውሉ ወይም ቃለ ጉባኤው ሊነበብ አይችልም።

በመጀመሪያ፦ ሰነዶችን ማትረፍ

ከማንኛውም የጥገና ሙከራ በፊት ሰነዶችን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ እየዘገየም ቢሆን የሚከፈት ከሆነ ከላይ የተዘረዘሩት ፎልደሮች ሁሉ ይገለበጣሉ። በ«ሲ» ውስጥ «ዊንዶውስ» በሚለው ፎልደር ሥር የሚገኘው «ፎንትስ» የተባለ ፎልደርም አብሮ ሊገለበጥ ይገባል።

ዊንዶውስ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተቋረጠበት የጥገና ገጹን በራሱ ያመጣል። በዚህ ገጽ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚሉት ሲመረጡ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የተባለው ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ይገኛል። በመስኮቱ «ኖትፓድ» ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፎ «ኢንተር»ን መጫን የጽሑፍ መክፈቻውን ያመጣል። ከዚያ «ፋይል» እና «ኦፕን» ይመረጣል፤ የፋይል ዓይነት በሚለው ቦታም «ኦል ፋይልስ» ሲደረግ በዲስኩ ላይ ያሉት ፎልደሮች ይታያሉ። የተፈለገውን ፋይል በቀኝ የማውዝ አዝራር ተጭኖ «ኮፒ» ማድረግና በተሰካው ፍላሽ ላይ «ፔስት» ማድረግ ይቻላል። በዚህ ገጽ የዲስክ ክፍሎቹ ስም ሊለዋወጥ ስለሚችል ሰነዶቹ በ«ሲ» ካልተገኙ በ«ዲ» ወይም በ«ኢ» መፈለግ ይገባል።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የጥገና ገጹ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሚሆነው ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው አሠራር የተመሠጠረ ሲሆን ነው። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ አስቀድሞ አውጥቶ በወረቀት መያዝ ይመከራል።

ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ወይም የመፋጨት ድምፅ ካለው ግን ምንም ዓይነት የጥገና ትዕዛዝ መስጠት አይገባም። ይህ የዲስኩ አካል እየተበላሸ መሆኑን የሚያመለክት በመሆኑ ተጨማሪ ሥራ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ የጥገና መሠረታዊ ደንብ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከተወሰደ በኋላ ኮምፒውተሩ መሥራት አለመሥራቱ ይፈተሻል፤ ከሠራ ወደሚቀጥለው ማለፍ አያስፈልግም።

1. ቀንና ሰዓትን ማየት

ድረ ገጾች በድንገት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ማሳየት ከጀመሩ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኮምፒውተሩ ቀን ነው። ዊንዶውስ የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ተጠቃሚ በቅንነት 2018 ዓ.ም.ን ቢያስገባ ኮምፒውተሩ ዓመቱን እ.ኤ.አ. 2018 አድርጎ ስለሚወስደው የድረ ገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫ ገና ያልተሰጠ መስሎ ይታየዋል፤ ገጹንም አይከፍትም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኮምፒውተሩ 9 ተብሎ መሞላት አለበት። የሰዓት ክልሉ ደግሞ ናይሮቢ በሚለው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት በሚቀድመው፣ መስተካከል ይኖርበታል።

ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ የሲስተም ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ማለቅ ነው። በአብዛኛው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ያለችው ባትሪ 2032 የሚል ቁጥር ያላት ባለ 3 ቮልት ናት። እርሷን በመቀየር ብቻ የሚፈታ ችግር ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግም አይለቅም።

2. የ«ሲ»ን ባዶ ቦታ መመልከት

«ሲ» ሲሞላ ኮምፒውተሩ ይዘገያል፤ ማሻሻያዎችም መጫን ያቅታቸዋል። ፊልሞችንና ትልልቅ ፋይሎችን ወደ «ዲ» ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ ማዛወር፣ ቀጥሎም «ዲስክ ክሊንአፕ» በሚባለው መሣሪያ ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጽዳት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡ አላስፈላጊ ፕሮግራሞችንም በ«ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ስታርትአፕ» በሚለው ክፍል ማስቆም ይቻላል።

3. ከፍላሽ የሚመጣ ቫይረስን ማጥራት

ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ቦታ ተደጋግሞ የሚታየው፣ ፎልደሮችን ወደ አቋራጭ ምልክት የሚለውጠው ቫይረስ ነው። ተጠቃሚው ሰነዶቹ የጠፉ ስለሚመስለው ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ ይቸኩላል። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው በፍላሹ ላይ አሉ። በአቋራጭ ምልክቱ ላይ ሳይጫኑ፣ በፋይል መመልከቻው «ቪው» ሥር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥም የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ማንሣት ፎልደሮቹን መልሶ ያሳያል። ሰነዶቹ ከተገለበጡ በኋላ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ የሚገኘውን «ኦፍላይን ስካን» ማስኬድ ይገባል። ይህ ፍተሻ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሣት ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚካሄድ በመሆኑ የተደበቀ ቫይረስን ለመያዝ የተሻለ ዕድል አለው።

4. በ«ሴፍ ሞድ» ማስነሣት

ዊንዶውስ ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ ወይም ሰማያዊ ገጽ የሚያሳይ ከሆነ ጥፋቱ በቅርቡ ከተጫነ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ሊሆን ይችላል። «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ «ሪስታርት»ን መምረጥ የጥገና ገጹን ያመጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» እና «ሪስታርት» በተከታታይ ይመረጣሉ፤ ዝርዝሩ ሲመጣም ቁጥር 4 ይጫናል። ኮምፒውተሩ በዚህ ሁኔታ በደኅና ከሠራ ዊንዶውስ ራሱ ጤነኛ መሆኑንና ችግሩ ከተጨመረበት ነገር መምጣቱን ያመለክታል። በቅርቡ የተጫነውን ፕሮግራም ማንሣት ሊበቃ ይችላል።

5. የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን መተካት

ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች የሚመረምርበትና ከመጠባበቂያው የሚተካበት መሣሪያ አለው። በመፈለጊያው ላይ «ሲ-ኤም-ዲ» ብሎ ጽፎ በቀኝ የማውዝ አዝራር «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን መምረጥ የትዕዛዝ መስኮቱን ይከፍታል። ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ እዚህ የቀረበው አነባበባቸው ነው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ «ኤስ-ኤፍ-ሲ /ስካንናው» ሲሆን ከሰረዙ በፊት አንድ ክፍት ቦታ ይተዋል።

ፍተሻው ሲያልቅ ከሦስት መልሶች አንዱ ይመጣል፦ የተበላሸ ፋይል አልተገኘም፤ ተገኝቶ ተስተካክሏል፤ ወይም ተገኝቶ ሊስተካከል አልቻለም። ሦስተኛው መልስ ከመጣ መጠባበቂያው ራሱ ተጎድቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ «ዲ-አይ-ኤስ-ኤም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርኸልዝ» የሚለው ትዕዛዝ ይሰጣል፤ እርሱ ሲጨርስ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ይደገማል። ሁለቱም ጊዜ ስለሚወስዱ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ መሰካቱን፣ ዴስክቶፑም ከተቻለ የኃይል መጠባበቂያ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

6. ኮምፒውተሩን ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ

«ሲስተም ሪስቶር» የተባለው አሠራር ዊንዶውስን ደኅና ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል። የግል ሰነዶችን አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ግን ይነሣሉ። በዊንዶውስ ውስጥም ሆነ በጥገና ገጹ በኩል ይገኛል። የሚሠራው አስቀድሞ የመመለሻ ነጥብ ተቀምጦ ከሆነ ብቻ ነው። በጥገና ገጹ ላይ ያሉት ሌሎች ሁለት ምርጫዎችም ጠቃሚ ናቸው፦ «ስታርትአፕ ሪፔር» አልነሣ ያለውን ዊንዶውስ ለማስነሣት፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ደግሞ ችግር ያመጣውን የቅርብ ማሻሻያ ለማንሣት ያገለግላሉ።

7. ዊንዶውስን በላዩ ላይ መጠገን

ከላይ ያሉት ሁሉ ካልሠሩና ኮምፒውተሩ ቢያንስ የሚከፈት ከሆነ፣ ዊንዶውስን ሰነዶችም ፕሮግራሞችም ባሉበት እንደገና በላዩ መጫን ይቻላል። በፍላሽ የተዘጋጀው የዊንዶውስ መጫኛ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ በኋላ ከውስጥ ሆኖ ይከፈታል፤ ምን ይቆይ ብሎ ሲጠይቅም የግል ፋይሎችና ፕሮግራሞች እንዲቆዩ የሚለው ይመረጣል። መጫኛው በቋንቋም በዓይነትም በኮምፒውተሩ ላይ ካለው ዊንዶውስ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፕሮግራሞችን ማቆየት የሚለው ምርጫ ደብዝዞ ከታየ ልዩነት አለ ማለት ስለሆነ ሥራው መቆም ይገባዋል።

8. «ሪሴት ዚስ ፒሲ»

ይህ ከፎርማት በፊት ያለው የመጨረሻ እርምጃ ነው። ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የግል ሰነዶችን ያስቀራል፤ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን፣ የአማርኛ መጻፊያውንና የሒሳብ ፕሮግራሙን ጨምሮ፣ ያስወግዳል። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሁሉንም ያጠፋል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙ ሳያነቡ መጫን ከባድ ጉዳት ያስከትላል።

ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ

የኢንተርኔት ግንኙነት ደካማ ወይም የተቋረጠ በሆነበት ቦታ የትኛው እርምጃ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ማወቅ ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል። ቀንና ሰዓትን ማስተካከል፣ «ሲ»ን ማጽዳት፣ «ሴፍ ሞድ»፣ «ኤስ-ኤፍ-ሲ»፣ «ሲስተም ሪስቶር» እና «ስታርትአፕ ሪፔር» ኢንተርኔት አይጠይቁም። «ሪሴት» ሲደረግም «ሎካል ሪኢንስቶል» የሚለው ከኮምፒውተሩ ላይ ያሠራል፤ «ክላውድ ዳውንሎድ» ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊያወርድ ይችላል። ሁለተኛው የፋይል ጥገና ትዕዛዝ፣ ማለትም «ዲ-አይ-ኤስ-ኤም»፣ በተለመደው አሠራሩ ጤነኛ ፋይሎችን ከኢንተርኔት ያመጣል።

በዚህም ምክንያት የመጫኛ ፍላሽ አስቀድሞ ማዘጋጀት ብልህነት ነው። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ አንድ ፍላሽ ግንኙነት በደኅናው ጊዜ ከማይክሮሶፍት ገጽ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ተመሳሳይ ዊንዶውስ ያላቸውን ብዙ ኮምፒውተሮች ያገለግላል። ከማይታወቅ ምንጭ የተገኘና ፈቃዱ «የተሰበረ» መጫኛን መጠቀም ግን ቫይረስን በገዛ እጅ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ለጥገና ሲሰጥ መደረግ ያለበት

ኮምፒውተሩን ለባለሙያ የሚሰጥ ተጠቃሚ የሚከተሉትን እንዲፈጽም ይመከራል፦

• ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተጫነና በገጹ ላይ የሚታየውን የስሕተት መልእክት ጽፎ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥቶ መስጠት፤
• መቆየት ያለባቸውን ፎልደሮች፣ ፕሮግራሞችና የፊደል ቅርጾች በዝርዝር ማስታወቅ፤
• ባለቤቱ ሳይፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ በግልጽ መስማማት፤
• ሰነዶች የተገለበጡ ከሆነ ቅጂው የት እንደተቀመጠ መጠየቅ፣ ኮምፒውተሩን ሲረከቡም ፋይሎቹን ከፍቶ ማየት።

በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለው የባለቤቱ ሰነድ ብቻ አይደለም። የተገልጋዮች ስም፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና ውል በውስጡ ይገኛሉ። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣ በመሆኑ የሌላን ሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ የመያዝ ኃላፊነት እንዳለበት ማስታወስ ይገባል። ተገልጋዩም በኩሉ ያስጻፈውን ሰነድ በራሱ ፍላሽ ወይም በኢሜይሉ ይዞ ቢሄድ በአንድ ኮምፒውተር መበላሸት ምክንያት ዳግመኛ ለማስጻፍ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ከተማ ከመመላለስ ይድናል።

ፎርማት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ዲስኩ ተበላሽቶ በአዲስ ሲቀየር፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ወይም ከላይ የተዘረዘሩት እርምጃዎች ሁሉ ተሞክረው ሳይሳኩ ሲቀሩ ፎርማት ተገቢ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ግን ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ ምክንያት አይሆንም። መስፈርቱን የሚያሟላ ኮምፒውተር ሰነዶቹና ፕሮግራሞቹ ሳይነኩ ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ ይችላል።

አስቀድሞ መጠንቀቅ

ጥገናውን ቀላል የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ የሚደረገው ዝግጅት ነው። በመፈለጊያው ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» የሚለውን በመክፈት የ«ሲ» ጥበቃ መብራቱን ማረጋገጥና አዲስ ፕሮግራም ከመጫን በፊት የመመለሻ ነጥብ ማስቀመጥ ይገባል። ሰነዶችን በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ዲስኩንም ከተገለበጠ በኋላ ነቅሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በቀድሞው የጽሕፈት ፕሮግራም የተጻፉና ሕጋዊ ዋጋ ያላቸው ሰነዶች በፒዲኤፍ መልክም ቢቀመጡ የፊደል ቅርጹ ቢጠፋ እንኳ ይነበባሉ።

የተበላሸ ዊንዶውስ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ሊጫን ይችላል። ቅጂ ያልተያዘለት የአንድ አርሶ አደር አቤቱታ ወይም የአንድ ቤተሰብ ውል ግን ከጠፋ መልሶ የሚያመጣው ትዕዛዝ የለም። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በመጀመሪያ ሰነዱን ማትረፍ፣ ቀጥሎ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ መጠገን፣ ፎርማትን ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ ማድረግ።